ሳይዋሹ በሐሰት መመስከር ይቻላልን?

በሐሰት መመስከርን የሚከለክለው ትእዛዝ በካቴኪዝማችን ስምንተኛው ነው። ልጆቻችን ገና ፊደል ሲቈጥሩ ይማሩታል፤ ትርጓሜውንም በተጠየቁ ጊዜ ሳይደናቀፉ ይመልሳሉ። ሰውን በውሸት መክሰስና ስሙን ማጥፋት ኀጢአት መሆኑን የማያውቅ በመካከላችን የለም። ይሁን እንጂ በዚህ ትእዛዝ ውስጥ አንድ ጥያቄ ተሸሽጎ ይኖራል፤ ብዙዎቻችንም ሳናነሣው እናልፈዋለን። አንድ ሰው በቅን ልብ ያመነውን ነገር አይቻለሁ፣ ሰምቻለሁ ብሎ ቢመሰክር፣ ነገሩ ግን እርሱ እንዳለው ሆኖ ባይገኝ፣ ይህ ሰው በሐሰት መስክሯልን? ሊዋሽ አላሰበም። ኅሊናው አልወቀሰውም። ዳኛ ቢያስምለውም ሳይፈራ ይምላል። በቃሉ የታመነው ጎረቤቱ ግን ተጐድቷል።

ብዙ ሰዎች ቅንነቱ ያድነዋል ብለው ቶሎ ይፈርዱለታል። እኛ ግን እንዲህ ለመፍረድ አንደፍርም። ዐሥርቱ ትእዛዛት በመጽሐፍ ቅዱስ ሁለት ጊዜ ተጽፈው ይገኛሉ፤ በኦሪት ዘጸአት በምዕራፍ 20ና በኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 5። በዕብራይስጡ ንባብ ሁለቱ ስፍራዎች ስለ ምስክሩ የሚናገሩት በአንድ ቃል አይደለም። በዘጸአት ያለው ቃል ውሸተኛ ምስክር ማለት ሲሆን፣ በዘዳግም ያለው ከንቱ ወይም ባዶ ምስክር ማለት ነው፤ ይኸውም የእግዚአብሔርን ስም በከንቱ መጥራትን በሚከለክለው ትእዛዝ ውስጥ የሚገኘው ያው ቃል ነው። እንግዲህ ሕጉ ልቡ ከዋሸው ምስክር ሌላ ቃሉ ባዶ የሆነውንም ምስክር ያውቃል። ባዶ ገንቦ ባለቤቱ ሙሉ መስሎት ለተጠማ ቢያቀርበውም የተጠማውን አያረካም።

ይህን ነገር በሚገባ ለመመርመር ወዳልተለመደ ስፍራ መሄድ ወደድን፤ ይኸውም የፊዚክስ ሊቃውንት የፍጥረትን ረቂቅ ነገር ወደሚያደምጡባቸው መሣሪያዎች ነው። ይህን የምናደርገው ሳይንስን ለማወደስ ወይም ሃይማኖታችንን በእርሱ ለመደገፍ ብለን አይደለም። እነዚህ ሊቃውንት መሣሪያዎቻቸው እየረቀቁ በሄዱ መጠን አንድ አስቸጋሪ ጠላት እንዳለባቸው ተረድተዋል፤ እርሱም የራሳቸው ናፍቆት ነው። ሊሰማ የሚናፍቅ ጆሮ የሌለውን ድምፅ ይሰማልና። ይህን ጠላት ለመከላከል ያወጡት ሥርዓት፣ ከምስክርነት ጋራ ብዙ ጉዳይ ያለን እኛ ልናስብበት የሚገባ ሆኖ አግኝተነዋል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልን።

በአሜሪካ አገር ላይጎ የሚባሉ ሁለት መመርመሪያዎች አሉ። አንዱ በዋሽንግተን ግዛት በሃንፎርድ፣ ሁለተኛው በሉዊዚያና ግዛት በሊቪንግስተን ይገኛል፤ በመካከላቸውም 3,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት አለ። እያንዳንዱ በማዕዘን የተጋጠሙ ሁለት ክንዶች አሉት፤ የአንዱ ክንድ ርዝመት 4 ኪሎ ሜትር ነው። በክንዶቹ ውስጥ አየር የተወገደለት ቧንቧ ተዘርግቷል፤ በቧንቧውም ውስጥ የሌዘር ብርሃን በተንጠለጠሉ መስተዋቶች መካከል ይመላለሳል። ዛሬ በሥራ ላይ ያሉት መስተዋቶች እያንዳንዳቸው 40 ኪሎ ግራም ይመዝናሉ፤ የተንጠለጠሉትም በቀጫጭን የመስተዋት ክሮች ነው። የዚህ ሁሉ ዓላማ አልበርት አይንስታይን በ1916 አስቀድሞ ያመለከተውን የስበት ሞገድ ማድመጥ ነው። በሩቅ ሰማይ ሁለት እጅግ ከባድ አካላት እርስ በርሳቸው እየተሽከረከሩ ሲጋጩ ኅዋ ራሱ ድንጋይ እንደ ተጣለበት ኩሬ ይናወጣል፤ ሞገዱም ወደ እኛ በደረሰ ጊዜ አንደኛውን ክንድ ጥቂት ያስረዝመዋል፣ ሁለተኛውን ጥቂት ያሳጥረዋል። ይህ ጥቂት ያልነው በአቶም እምብርት ውስጥ ካለችው ከአንዲት ፕሮቶን ስፋት በመቶዎች እጅ ያነሰ ነው።

እንዲህ ያለው ጆሮ የማይሰማው ነገር የለም። በመንገድ የሚያልፍ ከባድ መኪና፣ ነፋስ፣ ወደ ጠረፍ የሚመታ የባሕር ማዕበል፣ በሌላ አህጉር የሆነ የምድር መንቀጥቀጥ፣ ሁሉም ይረብሸዋል። ሁለት ሆነው መሠራታቸውም ስለዚህ ነው፤ አንዱ ብቻውን የሰማው አይታመንምና። የሙሴ ሕግ በአንድ ምስክር ቃል ብቻ በሰው ላይ እንዳይፈረድ ያዘዘበትን ምክንያት እዚህ ላይ ያየን መሰለን። ከ2002 እስከ 2010 ድረስ በየጊዜው አደመጡ፤ ከሰማይም አንዳች አልመጣም።

በሴፕቴምበር 16 ቀን 2010 ግን ሲጠበቅ የነበረው ዓይነት ድምፅ በሁለቱም መመርመሪያዎች ተመዘገበ። በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ወሬው ለማኅበሩ ደረሰ፤ ቴሌስኮፖችም ወደዚያ የሰማይ ክፍል እንዲያዩ ተደረገ። ታላቁ ውሻ ከሚባለው የከዋክብት ስብስብ አቅጣጫ የመጣ ስለ መሰለ በዚያው ስም ጠሩት። ከዚያ በኋላ ስድስት ወር ሙሉ ደከሙበት። መሣሪያዎቹን ክፍል በክፍል መረመሩ፤ እንዲህ ያለው ነገር በአጋጣሚ ሊሆን የሚችለው በ7,000 ዓመት ከአንድ ጊዜ በታች መሆኑን አሰሉ፤ ለዓለም የሚያስታውቁበትን ጽሑፍ አረቀቁ፤ በየቃሉም ተከራክረው አዘጋጁት።

ነገር ግን ሁሉም አንድ ነገር ያውቁ ነበር። ማኅበሩ ራሱ ተስማምቶ ለጥቂት ሰዎች እንግዳ የሆነ ሥልጣን ሰጥቶ ነበር። እነዚህ ሰዎች ለማንም ሳይናገሩ መስተዋቶቹን በሥውር በማንቀሳቀስ እውነተኛ የሚመስል ምልክት ሊያስገቡ ይችሉ ነበር፤ ማስገባታቸውና አለማስገባታቸውም በታሸገ ፖስታ ተጽፎ ይቀመጥ ነበር። በ2007ም እንዲህ ያለ ፈተና አልፎባቸዋል። በማርች ወር 2011 በካሊፎርኒያ በአርካዲያ ከተማ ተሰብስበው ሳሉ ፖስታው ተከፈተ። ታላቁ ውሻ ከሰማይ የመጣ አልነበረም፤ እነዚያ ጥቂት ሰዎች ያስገቡት ነበር። ጽሑፉም ሳይላክ ቀረ።

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ጥቂት ቆም እንበል። በዚያ ማኅበር ውስጥ ከ1970ዎቹ ዓመታት ጀምሮ በዚህ አሳብ የደከሙ ሽማግሎች ነበሩ። ዕድሜያቸውን የሰጡት ይህን አንድ ድምፅ ለመስማት ነው። ድምፁ መጣ፤ ስድስት ወር ሙሉ በእጃቸው ያዙት፤ ከዚያም ባዶ መሆኑ ተነገራቸው። ይህን ያደረገባቸው ጠላት ወይም ተቃዋሚ አይደለም፤ በገዛ ፈቃዳቸው በራሳቸው ላይ ያደረጉት ነው። ፖስታው በእነዚያ ወራት ምን እንደ ሠራ ስናስብ እንደነቃለን። ማንም ሰው በጉባኤ ተነሥቶ እውነት መሆኑ በልቤ ይሰማኛል ሊል አልቻለም፤ ቢልም በዚያ ቤት ስሜት ምስክር ሆኖ አይቀርብም። እያንዳንዱ ሰው የያዘው ነገር ባዶ ሊሆን እንደሚችል እያወቀ፣ እውነት ቢሆን ኖሮ በሚሠራበት ትጋት መሥራት ነበረበት። አንዳንዶች ይህን ጭካኔ ይሉት ይሆናል። እኛ ግን ፍቅር ብለን ለመጥራት እንደፍራለን፤ ቃላቸውን ተቀብሎ በእርሱ ላይ ሌላ ሥራ ለሚሠራ፣ መልኩን ለማያውቁት አንባቢ የተደረገ ፍቅር።

መመርመሪያዎቹ ለዓመታት ተዘግተው ታደሱ። በሴፕቴምበር 14 ቀን 2015፣ የታቀደው የማድመጥ ጊዜ በይፋ ሳይጀመር፣ አንድ ምልክት በሊቪንግስተን ተመዘገበ፤ ከሰከንድ 7 ሺኛ እጅ በኋላም ያው ምልክት በሃንፎርድ ተመዘገበ። የቆየው የሰከንድ አንድ አምስተኛ ያህል ነው። አስቀድሞ ያየው በጀርመን አገር በሃኖቨር ከተማ የሚሠራ ወጣት ተመራማሪ ሲሆን፣ የመጀመሪያ አሳቡም ሰው ያስገባው ፈተና ነው የሚል ነበር። ሲጠየቅ ግን ምልክት በሥውር የማስገባቱ ሥርዓት በዚያን ጊዜ ሥራ እንዳልጀመረ ተረጋገጠ። በዚህም አልረኩም፤ ተንኰለኛ ሰው ሰርጎ አድርጎት እንደ ሆነም መረመሩ። አካባቢውንና መሣሪያውን የሚከታተሉ ከ200,000 የሚበልጡ የመዝገብ መስመሮች አሉ፤ እነርሱም ተፈተሹ። ደግሞ የአንዱን መመርመሪያ መዝገብ ከሌላው ጋራ ሆን ብለው በጊዜ እያዛነፉ፣ እውነተኛ ስምምነት ሊኖር በማይችልበት አኳኋን ሁለቱ በከንቱ ምን ያህል ጊዜ እንደሚስማሙ ቈጠሩ፤ እንዲህ ያለው ምልክት በአጋጣሚ የሚገኘው በ203,000 ዓመት ከአንድ ጊዜ በታች ሆነ። አምስት ወር ያህል ዝም ካሉ በኋላ በፌብሩዋሪ 11 ቀን 2016 አስታወቁ። የፀሓይን 36 እጥፍና 29 እጥፍ ያህል የሚከብዱ ሁለት ጥቁር ጕድጓዶች ከ1 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት በሚበልጥ ርቀት ተጋጭተው ነበር። እስከ 2025 ድረስ እንዲህ ያሉ ምልክቶች 300 ያህል ተሰብስበዋል።

ይህ ልማድ የላይጎ ሰዎች ብቻ አይደለም። በኢሊኖይ ግዛት በፌርሚላብ ሙዎን የምትባለውን ረቂቅ ቅንጣት መግነጢሳዊ ጠባይ የለኩት ሊቃውንት የሰዓታቸውን ትክክለኛ ፍጥነት ከራሳቸው ሰወሩ። ከማኅበሩ ውጭ የሆኑ ሁለት ሰዎች ሰዓቱን ሞልተው ቍጥሩን በታሸገ ፖስታ አኖሩት፤ ለኪዎቹም ውጤታቸው ወዴት እንደሚያዘነብል ሳያውቁ ሥራቸውን ፈጸሙ። የመጀመሪያው ፖስታ የተከፈተው በ2021 ነው፤ የመጨረሻው ውጤት በጁን 2025 ወጣ። ቍጥር አዋቂዎች ከራሳቸው ምኞት ለመሸሽ ይህን ያህል ሲደክሙ ማየት፣ ስለ ሰው ልብ ከምናስተምረው ትምህርት ጋራ አይጣላም።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። የስበትን ሞገድ ለመስማት ከሁሉ አስቀድሞ የተነሣው በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ጆሴፍ ዌበር ነው። ከአንድ ቶን የሚበልጥ የአሉሚኒየም ግንድ አንጠልጥሎ፣ ሞገዱ ሲያልፍ ግንዱ እንደ ደወል ይርገበገባል ብሎ ጠበቀ። አንዱን በሜሪላንድ፣ ሌላውን በቺካጎ አጠገብ አቆመ፤ ነገሩን በሁለት ምስክር ማጽናት ከእርሱ የጀመረ ነው። በ1969 ሞገዱን አገኘሁ ብሎ አስታወቀ። በአሜሪካና በአውሮፓ ሌሎችም ተመሳሳይ መሣሪያ ሠርተው አደመጡ፤ አንዳቸውም አልሰሙም። አንድ ጊዜ የእርሱ መዝገብ በሮቸስተር ከነበሩ ሰዎች መዝገብ ጋራ ተስማማ ተባለ፤ በኋላ ሲታይ ግን ሁለቱ መዛግብት በአራት ሰዓት በሚለያይ አቈጣጠር የተጻፉ ሆነው ተገኙ። የፈረንጅና የሐበሻ ሰዓት ተቀላቅሎበት ከቀጠሮ የቀረ ሰው ይህ እንዴት እንደሚሆን ያውቃል። ልዩነቱ ግን ከባድ ነው፤ በአራት ሰዓት የተራራቁ ድምፆች ተስማሙ ከተባለ፣ ስምምነቱን የሠራው የሰሚው ጆሮ ነው። ዌበር በ2000 እስከ ሞተበት ቀን ድረስ ቃሉን አልለወጠም። ውሸታም አልነበረም፤ ላይጎን የሠሩትም ሰዎች መንገዱን የከፈተ እርሱ መሆኑን በአክብሮት ይመሰክሩለታል። ግንዱንም በሃንፎርድ አቁመውታል። ቢሆንም የሰማው ድምፅ አልነበረም።

በዚህ ጊዜ አንባቢ፣ ለመሆኑ ማን ተጐዳ ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ሌሎች ጥቂት ዓመት ደከሙ፤ ከዚህ በላይ ምንም አልሆነም። እውነት ነው። ከአገራችን የቀድሞ ሥርዓት አንዱን ብናስታውስ ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል እንዳልሆነ እናያለን። ሌባ ሻይ የሚባለውን አያቶቻችን ያውቁታል። ዕቃ የጠፋበት ሰው ባመለከተ ጊዜ ለአንድ ልጅ የሚያፈዝ መድኃኒት ይሰጠው ነበር፤ ልጁም በወገቡ ገመድ ታስሮ፣ ሹሙ ገመዱን ይዞ እየተከተለው፣ እየተንገዳገደ በመንደሩ ይሄድ ነበር። ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ዕዳውን ይከፍላል። ይህም በወገኑ መመርመሪያ መሣሪያ ነበር። ገመዱን ይዘው ከተከተሉት ሰዎች ብዙዎቹ በነገሩ በእውነት ያምኑ ነበር፤ ሊዋሹ አልወጡም። ልጁ የሚወድቀው በሌባ ቤት ይሁን ወይም በደከመበት ቤት፣ ይህን አስቀድሞ ወንጀሉ በታወቀ ነገር መፈተን የሥርዓቱ ክፍል አልነበረም። ከብቱን ሸጦ የከፈለው ንጹሕ ሰው ግን የሹሙ ቅንነት አንዲት ጥጃ አልመለሰለትም።

ስለዚህ ለጥያቄው መልሳችን አዎን፣ ይቻላል ነው። ሰው ሳይዋሽ በሐሰት ሊመሰክር ይችላል፤ ይኸውም ባልንጀራው የሚደገፍበትን ቃል ሳይፈትን አውጥቶ ሲሰጥ፣ ለሚፈትኑትም ሲዘጋ ነው። የዚህ ነገር ሌላ ወገን ግን አለው፤ እርሱን ካልተናገርን መልሳችን ፈሪዎችን ብቻ ያበዛል። ሰው ተሳስቶም በሐሰት ያልመሰከረ ሊሆን ይችላል።

በሴፕቴምበር 2011 ኦፔራ የተባለው የተመራማሪዎች ማኅበር፣ በጄኔቫ አጠገብ ከሚገኘው ከሴርን ተነሥተው በምድር ውስጥ 730 ኪሎ ሜትር ያህል አልፈው ወደ ኢጣልያ ግራን ሳሶ የሚደርሱ ኔውትሪኖ የሚባሉ ቅንጣቶች ብርሃንን በ60 ቢሊዮንኛ ሰከንድ ቀድመው የደረሱ መስለው እንደታዩት አስታወቀ። ይህ እውነት ቢሆን የፊዚክስ መሠረት ይናወጥ ነበር። ስሕተቱን ለወራት ፈልገው አጥተውት ነበርና፣ መዝገባቸውን አውጥተው ሌሎች እንዲመረምሩት ለመኑ። ከመካከላቸውም ገና ነው ብለው ስማቸውን በጽሑፉ ላይ ያላኖሩ ነበሩ። በሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ በሚገባ ያልተጠበቀ አንድ የብርሃን ገመድ መጋጠሚያ ተገኘ፤ ጊዜውን ያዛባው በዋናነት እርሱ ነበር። ሁለት መሪዎች ሥልጣናቸውን ለቀቁ፤ ጋዜጦችም ተሣለቁ። በእኛ አስተያየት የተሣለቁባቸው ያለ አግባብ ነው። ያገኙትን የሚያሳፍር ውጤት አልሸሸጉም፤ ከሚያውቁትም በላይ አልተናገሩም፤ ሌላው ሰው እጁን አግብቶ እንዲፈትሽ በሩን ከፈቱ። የቸኰሉ ናቸው ማለት ይቻላል። የሐሰት ምስክሮች ግን አልነበሩም።

ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የነካው የሬይመንድ ዴቪስ ታሪክ ነው። ይህ ኬሚስት በደቡብ ዳኮታ በሆምስቴክ የወርቅ ማዕድን ውስጥ፣ ከምድር በታች 1,500 ሜትር ያህል ጠልቆ፣ ልብስ በሚታጠብበት ክሎሪን ያለበት ፈሳሽ የተሞላ ታላቅ ጋን አኖረ፤ ፈሳሹ 380,000 ሊትር ያህል ነበር። ከፀሓይ የሚመጣ ኔውትሪኖ የክሎሪንን አቶም ሲመታ ወደ አርጎን ይለውጠዋል። የዴቪስ ሥራ በዚያ ባሕር በሚመስል ፈሳሽ ውስጥ እነዚያን ጥቂት የአርጎን አቶሞች ለቅሞ መቍጠር ነበር፤ የሚገኙትም በሁለት ቀን አንድ ያህል ናቸው። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሠላሳ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በዚህ ቆየ፤ በዚህ ሁሉ ዘመን የተለቀሙት አቶሞች ወደ 2,000 ቢደርሱ ነው።

ችግሩ ቍጥሩ ነበር። ባልደረባው ጆን ባኮል ስለ ፀሓይ ባሰላው ስሌት መሠረት ሊገኝ ከሚገባው ዴቪስ ያገኘው አንድ ሦስተኛውን ያህል ብቻ ነው። ብዙዎች አቶሞቹን አምልጠውታል አሉ። እርሱም አልተቈጣም፤ ሌሎች ባመለከቱት ፈተና ሁሉ አለፈ። ቍጥራቸው አስቀድሞ የታወቀ ጥቂት አቶሞች ወደ ጋኑ ጨምሮ መልሶ ለቀማቸው፤ ተገኙም። እንደ ገና ቈጠረ፤ ውጤቱ ያው አንድ ሦስተኛ ነው። ዓመት አለፈ፤ ያው ነው። በመጨረሻ በካናዳ በሰድበሪ 2 ኪሎ ሜትር ከምድር በታች፣ 1,000 ቶን ከባድ ውሃ ይዞ የተሠራው መመርመሪያ በ2001ና በ2002 ነገሩን ገለጠው። ዴቪስም ባኮልም አልተሳሳቱም ነበር። ኔውትሪኖዎቹ ከፀሓይ ሲመጡ በመንገድ ጠባያቸውን ይለውጣሉ፤ የዴቪስ ጋን የሚይዘው ደግሞ አንዱን ዓይነት ብቻ ነበር። በ2002 የኖቤል ሽልማት ሲሰጠው ዴቪስ የ88 ዓመት ሽማግሌ ነበረ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚለውን የአባቶቻችንን ቃል ለእርሱ የተነገረ አስመሰለው።

ነገር ግን ዴቪስን የምናደንቀው በመጨረሻ ትክክል ሆኖ ስለ ተገኘ ብቻ ቢሆን ፍርዳችን ርካሽ ይሆናል። ዌበርም ጸንቷል፤ ዴቪስም ጸንቷል፤ ሁለቱም ብቻቸውን ቆመዋል። የሰድበሪው ውጤት ሌላ ሆኖ ቢሆን፣ በጋኑ ውስጥ ያልታወቀ ጉድለት ተገኝቶም ቢሆን፣ ዴቪስ የታመነ ምስክር መሆኑ አይቀርም ነበር። ሊያሳፍረው የሚችለውን ፈተና ሁሉ ከጠላትም ከወዳጅም ተቀብሏልና። መጽናቱ ከዚህ የመነጨ ነው። ራሱን ያልፈተነ ሰው ሲጸና ግትርነት ይሁን ወይም ታማኝነት ራሱም አያውቀውም።

ከአንባቢዎቻችን አንዳንዶች በዚህ ጊዜ የሚከፋቸው እንዳሉ እናውቃለን። የእግዚአብሔር ሥራ እንደ አቶም ይቈጠራልን? ጌታን መፈታተን አይከለከልምን? ይላሉ። መፈታተን በእርግጥ ተከልክሏል። ነገር ግን አንድ ወንድም ወይም አንዲት እኅት በጉባኤ ተነሥተው ጌታ እንዲህ አለኝ ሲሉ፣ በፊታችን የቀረበው የሰው ጆሮ ነው። ጆሮውን መፈተን ጌታን መፈታተን አይደለም። ማርቲን ሉተር በ1537 ለስማልካልድ ጉባኤ በቀረቡት አንቀጾች፣ ከተጻፈውና ከተሰበከው ቃል ውጭ መንፈስ አለን በሚሉ ላይ እንዴት አጥብቆ እንደ ጻፈ እናስታውሳለን፤ የፈራውም የሰው ልብ የገዛ ድምፁን ሰምቶ የእግዚአብሔር ነው እንዳይል ነው። ጌዴዎን እንኳ ስለ ፀጕሩ ሁለት ጊዜ ለመነ፤ መጀመሪያ ፀጕሩ ርሶ ምድሩ እንዲደርቅ፣ ቀጥሎም ምድሩ ርሶ ፀጕሩ እንዲደርቅ። በእግዚአብሔር ፊት በፍርሃትና ይቅርታ በመለመን ነው የጠየቀው፤ እግዚአብሔርም አልተቈጣውም።

ነገሩ በጉባኤዎቻችን የሚያስከፍለው ዋጋ ትንሽ አይደለም። ተፈውሰሃል የተባለ በሽተኛ መድኃኒቱን ይጥላል። ጌታ ለእኔ ገልጦልኛል በተባለ ቃል የታጩ ይለያያሉ፤ ያልተዋወቁም ይጋባሉ። ስለ አንድ ቤት ክፉ ሕልም ታየ ተብሎ የዚያ ቤት ሰዎች ከጎረቤት ይገለላሉ፤ ይህ ከልጁና ከገመዱ በምን ይለያል? ከእነዚህም አብዛኞቹ የሚነገሩት በዕንባና በቅን ልብ ነው። ሽማግሎች ተናጋሪውን ውሸታም ሳይሉ፣ ሌላ ማን አየ፣ ሐኪሙ ምን አለ፣ ከስድስት ወር በኋላስ ነገሩ እንዴት ሆኖ ተገኘ ብለው ቢጠይቁ መንፈስን ያጠፋሉ ብለን አናምንም። እውነተኛ ፈውስ ከሆነ ስድስት ወር አያረጀውም። ለበሽተኛውም ቢሆን መድኃኒቱን እየዋጠ እግዚአብሔርን ማመስገን የሚከለክለው የለም።

ሐዋርያው ጳውሎስ በመጀመሪያይቱ የቆሮንቶስ መልእክት በምዕራፍ 15 ስለ ክርስቶስ ትንሣኤ ሲጽፍ፣ እኛ የምናነበው ሳናስተውል የምናልፈውን አንድ አስፈሪ ነገር ይናገራል። ሙታን የማይነሡ ከሆነ ሐዋርያት በእግዚአብሔር ላይ የሐሰት ምስክሮች ሆነው ይገኛሉ ይላል። በቅን ልብ የተሳሳትን እንሆናለን ብሎ አላለዘበውም፤ ቅንነታቸውን መጠጊያ አላደረገውም፤ ብዙ መከራ የተቀበሉበትን ስብከት እንኳ ባዶ ሊሆን በሚችልበት ሚዛን ላይ አኖረው። እንዲህ ለመናገር የደፈረው ምስክሮቹን አስቀድሞ በስም ስለ ቈጠረ ነው፤ ኬፋን፣ ዐሥራ ሁለቱን፣ ያዕቆብን፣ ደግሞም በአንድ ጊዜ ጌታን ያዩ ከአምስት መቶ የሚበልጡ ወንድሞችን ጠቅሷል፤ ከእነርሱም የሚበዙት መልእክቱ በተጻፈበት ጊዜ በሕይወት እንደ ነበሩ ለቆሮንቶስ ሰዎች አስታውቋቸዋል። ቆሮንቶስ የባሕር ንግድ ከተማ ናት። የተጠራጠረ ሰው ቢኖር ወደ ክንክራኦስ ወደብ ወርዶ፣ ወደ ምሥራቅ በሚሄድ መርከብ ተሳፍሮ፣ ሄዶ ሊጠይቃቸው ይችል ነበር።